ዋጋ ሲቀየር ኢንዴክሱን ለምን እንነካዋለን? የአንድ መለዋወጫ ሱቅ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ባሕር ዳር ያለ የመለዋወጫ ሱቅ ፕሮግራም ነው። ሱቁ በብዛት የሚሸጠው የባጃጅና የሞተር ሳይክል ዕቃ ነው። የጣና ጀልባ ሠራተኞችም ለሞተራቸው ካንዴላና ዘይት ከዚሁ ይወስዳሉ። ከመራዊ፣ ከሐሙሲትና ከወረታ በስልክ የሚያዙ ጋራዦችም አሉ። ስልኩ እየጮኸ፣ ባንኮኒው ላይ ሰው ቆሞ፣ ሽያጩን የሚሠራው ልጅ የዕቃውን ስም ጽፎ ወዲያው መመለስ አለበት፤ አለ ወይስ የለም፣ ስንት ነው፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው። መልሱ ከዘገየ ልጁ ፕሮግራሙን ትቶ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ደብተሩ ደግሞ መጥፎ ተፎካካሪ አይደለም። ለዓመታት ሠርቶበታል።

የተረከብኩት ፕሮግራም በኤስኪውላይት፣ ማለትም መረጃን በአንድ ፋይል በሚያስቀምጥ ዳታቤዝ፣ የተሠራ ነው። ፍለጋው የሚካሄደው በኤፍቲኤስ 5 ነው፤ የኤስኪውላይት የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ክፍል ማለት ነው። ለዚህ ሱቅ ትክክለኛ ምርጫ ይመስለኛል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፋይል፣ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል።

የሱቁ ባለቤት እትዬ ቅሬታቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የነገሩኝ። "የዋጋ ዝርዝር ሲገባ ፍለጋው ይቆማል። ልጁ አዲስ ስም ሲጽፍ ደግሞ እስከ ማግስቱ አይገኝም።"

ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ምክንያቱ ብዙም አልተደበቀም። ስም፣ ኮድ፣ ዋጋ፣ ብዛት፣ መደርደሪያ ሁሉም በፍለጋው ሰንጠረዥ ውስጥ እኩል ተቀምጠዋል። አንድ ፍሬን ሸራ ሲሸጥ ብዛቱ በአንድ ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ የዕቃው ሙሉ ረድፍ ከኢንዴክሱ፣ ማለትም ፍለጋው ከሚያየው የቃላት ማውጫ፣ ወጥቶ እንደገና ይገባል። "ፍሬን" እና "ሸራ" የሚሉት ቃላት ምንም አልሆኑም። ኢንዴክሱ ግን እንደ አዲስ ይጽፋቸዋል። ቀኑን ሙሉ፣ በየሽያጩ።

ዋጋውም ራሱ ይፈለጋል። ልጁ "150" ብሎ ሲጽፍ የፈለገው የ150 ሲሲ ሞተር ዕቃ ነው። ፕሮግራሙ ግን ዋጋው 150 ብር የሆነውን ሁሉ አብሮ ያመጣለታል። ቁጥርን እንደ ቃል ኢንዴክስ ማድረግ ሥራ ያበዛል፤ ከዚያም በላይ መልሱን ያበላሻል።

ማክሰኞ

ኮድ ከመንካቴ በፊት ለእትዬ ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። የሚከፍሉት እሳቸው ናቸውና ለምን እንደሆነ ማወቅ ይገባቸዋል።

የፍለጋ ኢንዴክስ የሚጻፈው በተገላቢጦሽ ነው። "ይህ ዕቃ እነዚህ ቃላት አሉት" አይልም። "ይህ ቃል በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ አለ" ነው የሚለው። ፍለጋ የሚፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ማሻሻል የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአሥር ዕድር አባል የሆነ ሰው ሰፈር ሲለቅ ከአሥሩም መዝገብ መሰረዝ አለበት። የየትኞቹ ዕድሮች አባል እንደነበር ካልታወቀ ስሙ በሆነ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ መዋጮም ይጠየቅበታል። አንድን ዕቃ ከኢንዴክስ ማውጣትም እንደዚያ ነው። የድሮ ቃላቱን አንድ በአንድ ማወቅ ያስፈልጋል።

እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ "ታዲያ ዋጋው ዕድር ውስጥ ምን ያደርጋል?" አሉ። ከዚህ የተሻለ የሥራ መመሪያ አላገኘሁም።

ስለዚህ ዕቅዱ ይኸው ነው። ኢንዴክሱ የሚያውቀው ሰው የሚፈልገውን ቃል ብቻ ይሆናል። በየሰዓቱ የሚቀያየረው ሁሉ፣ ማለትም ዋጋ፣ ብዛትና መደርደሪያ፣ በተራ ሰንጠረዥ ይቀመጣል። ፍለጋው የዕቃውን መለያ ቁጥር ያመጣል፤ ዋጋውና ብዛቱ በዚያ ቁጥር ከተራው ሰንጠረዥ ይነበባል። የተገኙት ዕቃዎች ጥቂት ስለሚሆኑ ይህ ተጨማሪ ንባብ አይታወቅም። በእጅ ያለውን ዕቃ ማስቀደምም እዚያው በንባቡ ላይ ይሠራል። የሽያጭ ሥራ ኢንዴክሱን ጨርሶ አይደርስበትም።

ረቡዕ

ሰንጠረዦቹን ለየሁ። ኤፍቲኤስ 5 ጽሑፉን ራሱ ሳይዝ ኢንዴክሱን ብቻ እንዲይዝና ጽሑፉን ከሌላ ሰንጠረዥ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ጽሑፉ ሁለት ቦታ ስለማይቀመጥ ፋይሉ ያንሳል። ግን ኃላፊነት አለው፤ ሁለቱ ተስማምተው እንዲኖሩ ማድረግ የእኛ ሥራ ይሆናል። ይህን የሚያደርጉት ትሪገሮች ናቸው፤ ሰንጠረዡ ሲለወጥ ዳታቤዙ በራሱ የሚያስነሳቸው ትእዛዞች ማለት ነው። ዕቃ ሲገባ አንድ፣ ሲሰረዝ አንድ፣ ሲሻሻል አንድ።

የማሻሻያው ትሪገር ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አጠፋሁ። ዋናው ቦታ እሱ ነው። በኤስኪውላይት ትሪገሩን "እነዚህ ዓምዶች ሲሻሻሉ ብቻ" ብሎ መወሰን ይቻላል። እኔም የስሙንና የቅጽል ስሙን ዓምድ ብቻ ሰጠሁት። ነገር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ትሪገሩ የሚያየው ዓምዱ በትእዛዙ ውስጥ መጠቀሱን ነው፤ እሴቱ በእርግጥ መለወጡን አይመረምርም። የዕቃ ማስተካከያ ቅጹ "አስቀምጥ" ሲባል ሁሉንም ዓምድ ነው የሚልከው። መደርደሪያውን ብቻ ያስተካከለ ሰው ስሙንም ሳይነካው ይልከዋል። ስለዚህ ትሪገሩ ላይ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ተጨመረ፦ የድሮው ጽሑፍ ከአዲሱ የተለየ ከሆነ ብቻ። ንጽጽሩ የተጻፈው ባዶ እሴትንም በሚያውቀው መንገድ ነው። በተራው የ"እኩል አይደለም" ምልክት ቢጻፍ ቅጽል ስሙ ባዶ የነበረ ዕቃ ስም ሲሰጠው ለውጡ ሳይታይ ያልፍ ነበር።

ከዚያ መሰረዙ። ለኢንዴክሱ "ይህን ዕቃ አውጣ" ስንለው የድሮውን ጽሑፍ ልክ እንደነበረ መስጠት አለብን። አንድ ቃል ቢለያይ ኢንዴክሱ አይጮህም። ያንን ቃል ዝም ብሎ ይዞት ይቀራል። በኋላ ልጁ በድሮው ስም ሲፈልግ ያ ስም የሌለው ዕቃ ይመጣል። በትሪገር ውስጥ የድሮውን ረድፍ እሴት መጠቀም ይህን አደጋ ይዘጋዋል። አንድ ሁኔታ ግን ይቀራል፤ ዓርብ እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ማታ ደውሎ "ለምን ኢላስቲክሰርች አታደርገውም?" አለኝ። ራሱን የቻለ ትልቅ የፍለጋ ሰርቨር ነው። ለአንድ ሱቅ ከአቅም በላይ ነው፤ ይህ አንዱ መልስ ነው። ዋናው መልስ ግን ሕጉ እዚያም አለመለወጡ ነው። ኢላስቲክሰርች የቆመበት የፍለጋ ላይብረሪ፣ ሉሲን፣ ሴግመንቶቹን (የኢንዴክስ ቁራጮቹን) አንዴ ከጻፈ በኋላ አይቀይራቸውም። አንድ ሰነድ "ሲሻሻል" የድሮው እንደተሰረዘ ምልክት ይደረግበታል፤ ሙሉው አዲስ ሰነድ ሌላ ቦታ ይጻፋል። አንድ ዓምድ ብቻ ብንልክም ኢላስቲክሰርች የድሮውን ሰነድ አንብቦ፣ ከአዲሱ ጋር አዋሕዶ፣ ሙሉውን ነው እንደገና ኢንዴክስ የሚያደርገው። ምንም ያልተለወጠ ማሻሻያ ሲደርሰው ግን ለይቶ ይተወዋል። የእኔ ትሪገር ቅድመ ሁኔታ የሚሠራውም ያንኑ ነው። ሉሲን ቁጥሮችን ለብቻ አስቀምጦ ሰነዱን ሳይነካ የሚያሻሽልበት መንገድም አለው። እሱም ቢሆን ዋጋንና ቃልን መለየት ነው።

ሐሙስ

የዋጋ ዝርዝሩ የሚመጣው ከጅምላ አከፋፋዮች በቴሌግራም ነው፣ በኤክሴል ፋይል። የተለወጡት ጥቂት ዋጋዎች ቢሆኑም ፋይሉ ሁሉንም ዕቃ ይዞ ነው የሚመጣው። የድሮው ፕሮግራም ፋይሉን ሲቀበል ኢንዴክሱን ባዶ አድርጎ ከመጀመሪያው ይሞላው ነበር። ያ ሲሆን ፍለጋው ይጠብቃል። ልጁ ደግሞ ደንበኛውን "ቆይ አንዴ" ይለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው አቋራጭ አለ፤ "ኢንሰርት ኦር ሪፕሌስ"። አጭር ነው፣ ያምራል። እዚህ ሥራ ውስጥ ግን በጭራሽ አላስገባውም። ሪፕሌስ ማሻሻያ አይደለም። የድሮውን ረድፍ ሰርዞ አዲስ ያስገባል። የሚከፋው ደግሞ በዚህ መንገድ ሲሰረዝ የመሰረዝ ትሪገሩ አይነሳም። የሚነሳው ተደጋጋሚ ትሪገር የሚባለው ቅንብር ከተከፈተ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በነባሪው ዝግ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ የድሮ ቃላት ከኢንዴክሱ አይወጡም። በዚያ ላይ ግጭቱ የተፈጠረው በዕቃው ኮድ ከሆነ አዲሱ ረድፍ ሌላ መለያ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ያኔ ኢንዴክሱ የሚጠቁመው የሌለ ረድፍ ይሆናል።

የተጠቀምኩት አፕሰርትን ነው። ኤስኪውላይት ከ2018 ጀምሮ፣ ከ3.24 እትም ወዲህ አለው። ኮዱ ከሌለ ያስገባል። ካለ ያንኑ ረድፍ እዚያው ያሻሽላል፤ መለያ ቁጥሩ አይነካም። መጨረሻው ላይ "የተለወጠ ነገር ካለ ብቻ" የሚል ሐረግ አለው። ዋጋው ወደ ዋጋ ሰንጠረዥ ይሄዳል። ስሙ የሚታየው የተለየ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ሙሉው ፋይል በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብሮ በሚጸድቅ አንድ ጥቅል፣ ይገባል። እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ቢጸድቅ ዲስኩ በየረድፉ መጠበቅ ነበረበት። ኢንዴክሱም በየጊዜው ትንንሽ ቁራጮችን ይጽፍ ነበር።

ዛሬ የመጣውን ዝርዝር በዚህ አስገባነው። ኢንዴክሱ የተነካው አዲስ ለገቡ ዕቃዎችና አከፋፋዩ ስማቸውን ላስተካከለላቸው ብቻ ነው። ፋይሉ ሲገባ ልጁ ፍለጋውን አላቋረጠም። ለዚህ ደግሞ ዋል (WAL) የሚባለው የኤስኪውላይት አሠራርም ረድቷል፤ ለውጦች መጀመሪያ ወደ ሌላ መዝገብ ስለሚጻፉ የሚያነብ ሰው የሚጽፈውን አይጠብቅም። የድሮው ፕሮግራም ይህን አልከፈተውም ነበር። አንድ ትእዛዝ ነው።

ዓርብ

ፊደል።

በአማርኛ ፍለጋ ላይ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዕቃው "ሠንሰለት" ተብሎ ተመዝግቧል፣ ልጁ "ሰንሰለት" ብሎ ይጽፋል። "የኋላ መስታወት" እና "የሁዋላ መስታወት"። ለአፍ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት። ስለዚህ ከኢንዴክስ በፊት ጽሑፉ ወደ አንድ መልክ ይመለሳል። ሐ፣ ኀ እና ኸ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ወደ አ። የሚፈለገውም ቃል በዚያው ወንፊት ያልፋል።

መነሻ ፊደሎቹ ከዚህ ይከብዳሉ። "የፍሬን" ተብሎ የተመዘገበውን "ፍሬን" ያለ ሰው ማግኘት አለበት። "በ"ን እና "ከ"ን ከየቃሉ ፊት እየቆረጡ መጣል ግን አደገኛ ነው፤ "በር" ወደ "ር" ይቀየራል። እኔ የነካሁት "የ"ን ብቻ ነው። እሱንም ቆርጬ አልጣልኩትም። ሁለቱንም መልክ፣ "የፍሬን" እና "ፍሬን"፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ለዚህ ሱቅ ይበቃል።

በሦስት በሦስት ፊደል የሚቆርጠውን ትራይግራም የሚባለውንም አሰብኩት። ከ2020 ጀምሮ ኤፍቲኤስ 5 ውስጥ አለ፣ በቃል መሐል ያለንም ያገኛል። ግን ከሦስት ፊደል ያነሰ ፍለጋ በኢንዴክሱ ምንም አያመጣም። በላቲን ሁለት ፊደል ምንም ላይሆን ይችላል። በእኛ ፊደል ግን "ጎማ" ሙሉ ቃል ነው። ጎማ የማይገኝበት የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ሊኖር አይችልም። ተውኩት፤ በምትኩ ለሁለትና ለሦስት ፊደል መነሻዎች ተጨማሪ ኢንዴክስ እንዲያዝ አደረግሁ። "ካን" ሲባል ካንዴላ ይመጣል።

አሁን ረቡዕ ወዳስቀረሁት ነገር። የተስተካከለው ጽሑፍ የት ይኑር? ወደ ኢንዴክስ ሲገባ እዚያው፣ ሳይቀመጥ፣ ማስተካከል ይቻላል፤ ቦታም ይቆጥባል። ግን ነገ የማስተካከያው ሕግ ሲሻሻል ምን ይሆናል? የኋ ሕግ፣ ማለትም "የኋላ"ን እና "የሁዋላ"ን አንድ የሚያደርገው፣ ዛሬ ተጨመረ እንበል። ትናንት "የኋላ" ተብሎ የገባውን ዕቃ ለማውጣት ስንሄድ በአዲሱ ሕግ የተስተካከለ ቃል ይዘን እንሄዳለን። ኢንዴክሱ ውስጥ ያለው ግን በድሮው ሕግ የገባው ነው። አይገናኙም። የድሮው ቃል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የተስተካከለው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ዓምድ ተሰጠው። ኢንዴክሱም ትሪገሮቹም የሚያዩት እሱን ብቻ ነው። ኢንዴክሱ ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ምንጊዜም በጽሑፍ ተቀምጦ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ሌላም ጥቅም አመጣ። ሕጉ ሲለወጥ ሁሉንም ከዜሮ መገንባት አያስፈልግም። አዲሱ ሕግ በየረድፉ ይሰላል፤ ውጤቱ ከተቀመጠው ጋር አንድ ከሆነ ረድፉ ይታለፋል። የኋን ሕግ ስጨምር የተነኩት ኋ ያለባቸው ዕቃዎች ብቻ ናቸው። በጥቂት በጥቂቱ፣ ሱቁ ክፍት ሆኖ ተሠራ።

ሙሉ ግንባታ ጭራሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የሰንጠረዡ አሠራር ሲቀየር፣ ወይም ቃል የሚቆርጠው ክፍል ሲለወጥ፣ "ሪቢልድ" ማለት ትክክለኛው መንገድ ነው። እሱ ከሱቅ መዘጋት በኋላ ይሠራል።

ቅዳሜ

ገበያ ነው፣ ሱቁ ይጨናነቃል። ኮድ አልነካሁም። ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጬ ብቻ ተመለከትኩ።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዕቃውም ኢንዴክሱም እኩል ቦታ ላይ ተገኙ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዕቃውና ኢንዴክሱ በአንድ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ትሪገሩም የሚሠራው በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ነው። ሁለቱም ይጸድቃሉ፣ ወይም ሁለቱም ይቀራሉ። ኢንዴክሱን ለብቻው ፋይል ማድረግ የሚመክሩ አሉ። በዋል አሠራር ግን ትራንዛክሽን በአንድ ፋይል ውስጥ እንጂ በሁለት ፋይሎች መካከል አብሮ መጽደቁ ዋስትና የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዲስክ መጻፉም ሙሉ ጥንቃቄው ላይ ነው የተቀመጠው። ላላ ያለውን ብንመርጥ ፋይሉ አይበላሽም፤ ግን የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ሊጠፉ ይችላሉ። የሰው ገንዘብ ስለሆነ ይህን አልቀበልም።

ማታ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ ፍተሻ ሠራሁ። ኤፍቲኤስ 5 ኢንዴክሱን የሚመረምርበት ትእዛዝ አለው። ጽሑፉ በሌላ ሰንጠረዥ ሲሆን ግን የ"ራንክ" ዓምዱን 1 ብለው ካልሰጡት የኢንዴክሱን ውስጥ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ከጽሑፉ ጋር አያመሳክርም። እኛ የምንፈልገው ማመሳከሩን ነው። ንጹሕ ሆኖ አለፈ።

ከዚያ ማዋሐድ። እያንዳንዱ የጽሑፍ ለውጥ ኢንዴክሱ ላይ አዲስ ትንሽ ቁራጭ ይጨምራል። የተሰረዘውም ወዲያው አይጠፋም፤ ቁራጮቹ ሲዋሐዱ ነው የሚወጣው። ኤፍቲኤስ 5 ሥራውን በየጽሑፉ ላይ እያከፋፈለ በራሱ ያዋሕዳል፤ በነባሪው አንድ ደረጃ ላይ አራት ቁራጭ ሲሞላ ይጀምራል። ዋጋውን ካወጣንለት በኋላ የሚዋሐደው ራሱ ጥቂት ሆነ። በየማታው አነስ ያለ የማዋሐድ ትእዛዝ እንዲሄድ አደረግሁ። ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣው "ኦፕቲማይዝ" ሙሉ ኢንዴክሱን እንደገና ይጽፋል፤ እሱን ለትልቅ ለውጥ ማግስት አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ

ሁለተኛው የእትዬ ቅሬታ ቀርቶ ነበር፤ ልጁ የሚጽፈው አዲስ ስም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ዋጋን ከኢንዴክሱ ያስወጣሁት ለዚህ ቦታ እንዲለቅ ብዬ ነው።

መካኒኮች ለአንድ ዕቃ የየራሳቸው ስም አላቸው። አንዱ ካንዴላ፣ ሌላው ካንዲላ፣ ወጣቶቹ ስፓርክ ፕላግ ይላሉ። ኩሽኔታና ኩሽኔት። እነዚህን ስሞች የሚያውቀው ልጁ እንጂ እኔም አከፋፋዩም አይደለንም። የሱቁ ሀብት ነው፣ እስካሁን ያለው በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስሞቹን በየዕቃው ቅጽል ዓምድ ላይ መጨመር ነበር። ግን ኩሽኔታ አንድ ዕቃ አይደለም። በየመጠኑ፣ በየዓይነቱ ብዙ ረድፍ ነው። "ኩሽኔት" የሚል አንድ ስም ሲጨመር ያ ሁሉ ረድፍ እንደገና ኢንዴክስ ይሆናል። ስሙ ትክክል ካልሆነና ከተሰረዘ እንደገና። ስለዚህ የቤተሰብ ስሞች ለብቻቸው ትንሽ ሰንጠረዥ ተሰጣቸው። ልጁ "ኩሽኔት" ሲፈልግ ፕሮግራሙ "ኩሽኔት ወይም ኩሽኔታ" ብሎ ይጠይቃል። ኢንዴክሱ አይነካም። አዲሱ ስም በተጻፈበት ቅጽበት ይሠራል። ጥያቄው ትንሽ ይረዝማል፤ ሁለት ሦስት ቃል መጨመር ለኢንዴክስ ቀላል ነው።

የአንድ ዕቃ ብቻ የሆነ ስም ግን እዚያው ረድፉ ላይ ይጻፋል። የወረታው መካኒክ "ትንሿ፣ ጎማ ያላት" ሲል አንዲትን ኩሽኔታ ነው የሚለው። ያ የቃል ለውጥ ነው፣ ለኢንዴክስ የሚገባው ለውጥ። ትሪገሩ ይነሳል፣ አንድ ረድፍ ይወጣል፣ አንድ ረድፍ ይገባል። ልጁ ስልኩን ሳይዘጋ መልሶ ሲፈልገው ያገኘዋል። ዛሬ ጠዋት እንዲሁ አደረገ።

ሁለት ሰው አንድን ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲያስተካክል የኋለኛው የፊተኛውን እንዳያጠፋ የእትም ቁጥር በየረድፉ ላይ አለ። ቁጥሩ ካልተገናኘ ቅጹ እንደገና ይነበባል።

የጨመርኩት የመጨረሻው ነገር ውጤት ያላመጡ ፍለጋዎች ዝርዝር ነው። የተጻፈው ቃል፣ ቀኑና ሰዓቱ ይቀመጣል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ እትዬና ልጁ አብረው ያዩታል። አንዳንዱ ሱቁ የሌለው ዕቃ ስለሆነ ለግዢ ይመዘገባል። አንዳንዱ ደግሞ ያለ ዕቃ ነው፣ በሌላ ስም የተጠራ። እሱን ልጁ እዚያው ይመዘግበዋል። ዛሬ ማታ ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ የሁለተኛው ዓይነት ነበሩ። ከነዚያም የሚበዙት የፍሪሲዮን ስሞች ናቸው።